«ሲስተም የለም» እና የማታ ማስተርስ፦ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የዛሬው ደብዳቤ ከሜክሲኮ አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዲቆይ ስለጠየቀች አልጻፍኩትም። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ሆኜ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። አምና ማታ ማታ ማስተርስ ጀመርኩ፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ሲስተምስ ማኔጅመንት። የምከፍለው ከራሴ ደመወዝ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ማታ የምትይዝልኝ እናቴ ናት። እኔ የገባሁት ሴኪዩሪቲና ክላውድ (ሰርቨርን በኢንተርኔት መከራየት) ልማር ብዬ ነበር። የሚያስተምሩን ግን ገቨርናንስ፣ ስትራቴጂ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ቼንጅ ማኔጅመንት ነው። ወሬ ይመስለኛል። መምህሩ ስላይድ ያነባሉ። ግሩፕ አሳይመንት ላይ አምስት ሆነን የምንሠራው ሁለታችን ብቻ ነን። ባለፈው ወር ደግሞ ቢሮ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው መሣሪያ) አልያዘም። ሰርቨሩ ወደቀ። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ባለጉዳይ ‹ሲስተም የለም› እየተባለ ተመለሰ። ኃላፊዬ በስብሰባ ላይ ‹ማስተርስ እየተማርሽ ይህን አታውቂም?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ስገባ ንዴት ይይዘኛል። ጓደኛዬ ‹ተይውና በዚያ ገንዘብ ሰርቲፊኬት ውሰጂ› ትለኛለች። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቲሲስ የሚሠራልሽ ሰው አለ፣ ከፍለሽ ገላግዪው› ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ቀን አነበብኩት፤ ማታ ደግሞ ደገምኩት። ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ትምህርቱን አትተይው። ቲሲሱንም ለማንም ከፍለሽ አታሠሪ። ለምን እንዲህ እንደምልሽ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ስለ ኃላፊሽ። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ መባል ያማል። ሰባት ዓመት ሙሉ ፕሪንተር ሲጣበቅም፣ ኔትወርክ ሲቆረጥም፣ የአለቃ ላፕቶፕ ሲዘጋም የተጠራሽው አንቺ ነሽ። ያ ሁሉ ተረስቶ የወደቀው ሰርቨር ብቻ ሲወራ ንዴት ቢይዝሽ አይፈረድብሽም። ግን ሰውየው ሳያውቀው አንድ ነገር ነክቷል። ያን ቀን የጎደለው የሴኪዩሪቲ ወይም የክላውድ ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው «ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ ማሰብ የማን ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። እሱ ደግሞ ያለው አንቺ ወሬ ባልሽው ኮርስ ውስጥ ነው።

በከተማችን «ሲስተም የለም» የሚለውን ንግግር የማያውቅ ሰው የለም። ካዛንቺስም ሂጂ፣ ለገሃርም ሂጂ፣ አራት ኪሎም ሂጂ። ፋይልሽን ይዘሽ፣ ወረፋ ጠብቀሽ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ትሰሚዋለሽ። ከሳሪስ ሁለት ታክሲ ይዘው የመጡ እናት «ነገ ይምጡ» ተብለው ይመለሳሉ። ማንም ግን «ባትሪው ሳይቀየር ስድስት ዓመት ሞላው» አይላቸውም። «የጥገና ውሉ ላይ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባቸው አልተጻፈም» የሚልም የለም። «ሲስተም» ስንል ማሽኑን ማለታችን ሆኗል። ማሽኑ ግን የመጨረሻው ጫፍ ነው። ከኋላው በጀት አለ፣ ግዢ አለ፣ ውል አለ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ፣ ያልተጻፈ ኃላፊነት አለ።

እስቲ የአንቺን አንድ ቀን ተኩል ወደ ኋላ እንከተለው። ሰርቨሩ ለምን ወደቀ? ዩፒኤሱ ስላልያዘ። ለምን አልያዘም? ባትሪው ደክሞ ይሆናል። በእርሳስ አሲድ የሚሠሩ የዩፒኤስ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግሉት ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ ከተበላሸ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሙያው የሚታወቅ ልምድ አለ፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ታዲያ ለምን አልተቀየረም? በጀት ስላልተያዘለት። ለምን አልተያዘም? መቼ እንደሚያልቅ የጻፈ ሰው ስለሌለ። ለምን አልጻፈም? መጻፍ የማን ሥራ እንደሆነ ማንም ስላልወሰነ። አየሽ፣ አምስት «ለምን» ቆጠርን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው ቴክኒክ። የቀሩት ሦስቱ ስላይድ ላይ በእንግሊዝኛ ስማቸው በጀቲንግ፣ አሴት ማኔጅመንት፣ ገቨርናንስ ነው።

ይህ ትምህርት አገራችን ውስጥ እንዴት እንደጀመረ ማወቅ ደስ ይለኛል፣ አንቺም ብታውቂው ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኋላ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት የተባለው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ዩኔስኮና የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል አግዘውታል፤ ስሙም ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ነበር። በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እንግዲህ ኢንተርኔቱ ሳይመጣ ነው መረጃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚፈልገው፣ በምን መንገድ እንደሚደርሰው በድኅረ ምረቃ ደረጃ መማር የተጀመረው። ከማሽኑ በፊት ሰውና መረጃ ቀደሙ። አንቺ ዛሬ የምትማሪው የዚያው ልጅ ነው።

አይቲል የሚባለውንም በኮርስሽ ሳታገኚው አትቀሪም። የአገልግሎት አስተዳደር መመሪያዎች ስብስብ ነው። የተዘጋጀው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። ማን አዘጋጀው? መንግሥት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለኮምፒውተር የሚያወጡት ገንዘብ እየበዛ፣ አገልግሎቱ ግን አልስተካከል ብሎ። የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ሰዎች ያኔ የጻፉት ችግር ካንቺ ቢሮ ችግር ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። «የትልልቅ ኩባንያ ወሬ» ብለሽ አትለፊው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ከ15 ዓመት በፊት ገደማ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። የደመወዝ ሶፍትዌሩ ላይ ማሻሻያ መጣ። ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርብ ከሰዓት፣ ጫንኩት። ለማንም አልነገርኩም። ሌላ ኮምፒውተር ላይም አልሞከርኩትም። ቅዳሜ ስከፍተው የግብር ስሌቱ ተዛብቶ አገኘሁት። ልመልሰው ብዬ ወደ ባክአፑ፣ ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ሄድኩ። የባክአፑ ፕሮግራም በየሌሊቱ «ተጠናቋል» ይላል፤ ዲስኩ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ፋይል ግን ከአራት ወር በፊት የተቀመጠ ነበር። ባክአፑን ከፍቶ የሞከረ ሰው አልነበረም። እኔም አልሞከርኩም። ከ300 በላይ ሠራተኛ ደመወዝ አራት ቀን ዘገየ። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ «ልጄ፣ ዛሬም የለም?» አሉኝ። አልተቆጡም። የቤት ኪራይ ቀን አልፎባቸው ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዓመታት በኋላ እኔም እንዳንቺ የማታ ተማሪ ሆንኩ። አንድ ማታ መምህሩ ስለ ቼንጅ ማኔጅመንት እያስተማሩ ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ጻፉ። ምን ይቀየራል? ማን ይፈቅዳል? የት ተሞክሯል? ካልሠራ እንዴት ይመለሳል? ለማን ተነግሯል? ደብተሬ ላይ ስገለብጣቸው እጄ ተንቀጠቀጠ። አምስቱንም ያን አርብ ዘልያቸው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እያዛጋ ነበር፤ ለእሱ ወሬ ነው። ለእኔ የጥበቃው ፊት ነበር።

ይህ ደግሞ የትንሽ ቢሮ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። በመጋቢት 2016 አገር ያወቀውን ነገር ታስታውሺያለሽ። የአንድ ትልቅ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ የመጣው ገንዘቡን ያወጡ ተማሪዎችን መፈለግ፣ ስም መለጠፍ፣ ገንዘብ ማስመለስ ነው። ያ ሁሉ ከአንድ ማሻሻያ ሌሊት የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልውሰድሽ፤ ምክንያቱም «ወሬ» ያልሽው ትምህርት ሒሳብ እንዳለው እንድታዪ እፈልጋለሁ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። «ሲስተማችን 99 በመቶ ይሠራል» ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። በዓመት ግን 87.6 ሰዓት ይቆማል ማለት ነው፤ ሦስት ቀን ተኩል አለፍ ይላል። 99.9 በመቶ ከሆነ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል። 99.99 ከሆነ 53 ደቂቃ ገደማ። ከነጥብ በኋላ ያለችው እያንዳንዷ ዘጠኝ ገንዘብ ናት።

ዋናው ነገር ገና ነው። አገልግሎትሽ እንዲሠራ መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ሰርቨሩም አብረው መሥራት አለባቸው። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ ናቸው እንበል። ሦስቱ ሲባዙ 97.03 በመቶ ይመጣል። ይህ በዓመት 260 ሰዓት መቆም ነው፤ ከ10 ቀን በላይ። ሦስት «ጎበዝ» ነገሮች ተሰልፈው ከ10 ቀን በላይ «ሲስተም የለም» ይሰጡሻል። ማንም አላጠፋም፤ አንዱ በሌላው ላይ መንጠልጠሉ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ሁለት የኢንተርኔት መስመር ብታስገቢና እያንዳንዱ 99 በመቶ ቢሆን፣ ሁለቱም አንድ ላይ የሚቆረጡበት ጊዜ 0.01 በመቶ ይሆናል። በዓመት 53 ደቂቃ ማለት ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሁለቱ መስመሮች መንገዳቸው የተለያየ መሆን አለበት። ሁለቱም ኬብሎች በአንድ ጉድጓድ ካለፉ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። መሐል አዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ስትቆፈር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ስላይድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ውል ስትፈራረሙ «ሁለት መስመር» ማለት አይበቃም፤ «ሁለተኛው በየት በኩል ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚጠይቅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

እስቲ ያንን ቀንሽን በዚህ እንለካው። አንድ ቀን ተኩል 36 ሰዓት ነው። በዓመቱ ሌላ መቆም ካልነበረ ሲስተምሽ 99.6 በመቶ ሠርቷል። በሥራ ሰዓት ብቻ ከቆጠርሽው ደግሞ ሌላ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል 2,000 ሰዓት ይሆናል። የቆመው 12 የሥራ ሰዓት ነው፤ ውጤቱ 99.4 በመቶ። ከሁለቱ የትኛው ነው ትክክል? በምን እንደሚቆጠር የሚወሰነው በውል ነው። አገልግሎት ሰጪው ሌሊቱንም ቆጥሮ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይሽ ይችላል። ባለጉዳይ ግን ሌሊት አይመጣም። ይህን ነው «ሰርቪስ ሌቭል አግሪመንት» የሚሉት፤ ስሙ ረዥም ሆኖ ሰለቸሽ እንጂ ነገሩ ከሳሪስ የመጡት እናት ሁለት ታክሲ ነው።

ሁለት ጥያቄም በደብተርሽ ላይ ጻፊ። አንደኛው «ስንት ሰዓት ቢቆም እንችለዋለን?» ሁለተኛው «የስንት ሰዓት መረጃ ቢጠፋ እንችለዋለን?» እነዚህን መመለስ ያለብሽ አንቺ አይደለሽም። የሥራ ክፍሎቹ ናቸው። አንቺ ትጠይቂያቸዋለሽ፤ መልሳቸውን ወስደሽ ዋጋውን ትነግሪያቸዋለሽ። «ምንም እንዳይቆም» የሚል ኃላፊ ዋጋውን ሲያይ «እሺ፣ አራት ሰዓት እንችላለን» ይላል። ያኔ ሲወድቅ ስድቡ አንቺ ላይ ብቻ አያርፍም፤ አብራችሁ የወሰናችሁት ነገር ሆኗል።

ስለ ወጪው ደግሞ ባጭሩ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል የክላውድ ወይም የላይሰንስ ኪራይ ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ በጀቱ በግማሽ ዓመት አለቀ ብለሽ አስቢ። ክላውድ መማር ፈልገሽ ነበር። ቴክኒኩን ከኢንተርኔት ትማሪዋለሽ። ኪራዩ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ ምንዛሬው ቢቀየር ማን እንደሚሸከመው ማስላት ግን የኮርስሽ ሥራ ነው። ሴኪዩሪቲም እንደዚያው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የባለጉዳይ መረጃ መያዝ የሕግ ኃላፊነት አለው። ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ብቻውን አይመልሰውም። ማን ምን ማየት እንደሚችል፣ ለምን እንደሚያየው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? አንድ ነገር ነው የምለምንሽ። ከዛሬ ጀምሮ የሚሰጥሽን እያንዳንዱን አሳይመንት በራስሽ ቢሮ ላይ ሥሪው። መምህሩ «አንድ ድርጅት ምረጡ» ሲሉ ውጭ አገር ያለ ትልቅ ኩባንያ አትምረጪ። ስለ እሱ የምታገኚው ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነው። የሰርቨር ክፍላችሁን ውሰጂ። የሪስክ ዝርዝር ጻፉ ሲባል የእናንተን ጻፊ። የፕሮጀክት ዕቅድ ሲባል የባትሪ ቅየራውን አቅጂ። ያኔ ስላይድ የሚነበበው ለአንቺ ሌላ ነገር ይሆናል፤ እያንዳንዱን ገጽ ስታዪ «ይሄ እኛ ጋ የቱ ነው?» ትያለሽ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የሰርቨር አድራሻ፣ ፓስዎርድ፣ የሴኪዩሪቲ ቀዳዳ ክፍል ውስጥ እንዳይወጣ። የመሥሪያ ቤቱንም ስም ሸፍኚው፤ ከኃላፊሽም ፈቃድ ጠይቂ።

ስላይድ ስለሚያነቡት መምህር። ሁሉም መምህር አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ የመጣ ነው፣ እንዳንቺ ደክሞታል። እጅሽን አውጥተሽ «እኛ ቢሮ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ በዚህ ሞዴል የት ይወድቃል?» በይ። ብዙ መምህር እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ስላይዱን ትቶ ማውራት ይጀምራል። አንዴ ሞክሪው።

ግሩፕ ሥራው ላይ አትጣዪ፣ ግን አትሸከሚም። ሥራው ገና ሲከፋፈል ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርስ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጻፊው። ሽፋኑ ላይም የማን ክፍል የቱ እንደሆነ ይታይ። ሰው ስሙ ሲጻፍ ይነቃል። ካልነቃ መምህሩ ያየዋል።

«ሰርቲፊኬት ውሰጂ» ያለችሽ ጓደኛ ተሳስታለች አልልም። ሲሲኤንኤ የሚባለው የኔትወርክ ሰርቲፊኬት ወይም የሴኪዩሪቲ ሰርቲፊኬት እጅን ያፍታታል፣ ሥራም ያስቀጥራል። ግን እንደ ሲሲኤንኤ ያሉት በ3 ዓመት የሚታደሱ ናቸው፤ ደግሞም የሚመልሱት የመጀመሪያዎቹን ሁለት «ለምን»ዎች ነው። ዲግሪሽን ጨርሰሽ ውሰጂ። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ብትጀምሪ የሚጎዱት ልጅሽና እናትሽ ናቸው።

ወደ ቲሲሱ ልምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበልብሽ። «ከፍለሽ ገላግዪው» ያለሽ ልጅ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ደክሞት ነው። ግን አስቢው። ሌላ ሰው የጻፈውን ይዘሽ ዲፌንስ ላይ፣ ፈታኞች ፊት ስትቆሚ «ይህን ናሙና ለምን መረጥሽ?» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ? ቢያልፍልሽስ? ነገ ሰርቨሩ ሲወድቅ ኃላፊሽ ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል፤ ያኔ ግን እውነቱን ይሆናል። ዛሬ ያ ንግግር ያመመሽ ግፍ ስለሆነ ነው። ግፍ መሆኑ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ደግሞ ሌላ ሰው የሠራው ሥራ በስምሽ መቅረቡ ሲታወቅ ዲግሪሽን ሊያሳጣሽ ይችላል፤ ያ የሸጠልሽ ሰው ስልኩን ይዘጋል።

ስለ ርዕስም ልጨምር። የብዙ ተማሪ ቲሲስ «የዚህን ቴክኖሎጂ ተቀባይነት የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ይወስዳሉ፣ መጠይቅ ይበትናሉ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይከቱታል፣ «ጠቃሚነቱና ቀላልነቱ ተጽዕኖ አላቸው» ብለው ይደመድማሉ። ሞዴሉ መጥፎ አይደለም። ግን ተደጋግሞ ተሠርቷል፤ አንብቢና እዪ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲሲስ ማከማቻ በኢንተርኔት ክፍት ነው፤ ካንቺ ዘርፍ አሥር ያህል አንብቢ። ቤት ልጅ ካስቸገረችሽ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ተቀመጪ።

ያንቺ ርዕስ ግን እጅሽ ላይ ነው። ለምን ወደቀ፣ መቼ ወደቀ፣ ለስንት ሰዓት፣ ማን አነሳው፣ ምን አስነሳው። አንድ ደብተር ግዢና የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ በገመድ እሰሪው። አገልግሎት በተቋረጠ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፍ። በስድስት ወር ውስጥ ማንም የሌለው መረጃ ይኖርሻል። ከዚያ የኃላፊዎቹን ቃለ መጠይቅ ትጨምሪበታለሽ። አድቫይዘርሽም እንዲህ ዓይነት መረጃ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ለኃላፊሽም አንድ ገጽ ጻፊ። ከአንድ ገጽ አትለፊ፣ አያነበውም። ክርክር አታስገቢበት፤ ስለ ስብሰባውም አታንሺ። እንዲህ ቢሆን፦

«በዚህ ቀን አገልግሎት ለ12 የሥራ ሰዓት ቆሟል። ምክንያቱ የዩፒኤስ ባትሪ ነው። ባትሪው የተገዛው በዚህ ዓመት ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈው በዚህ ዓመት ነው። ለመቀየር የሚያስፈልገው ይህን ያህል ብር ነው። ካልተቀየረ በሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ ያው ይደገማል። የባትሪና የጄነሬተር ወርኃዊ ፍተሻ ኃላፊነት ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ እንዲወሰንልኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትቆርጫት። ግልባጩን ለፋይናንስ አድርጊና በመዝገብ ቤት አስገቢው፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው። ያቺ ገጽ የተማርሽው ገቨርናንስ ናት።

ስለ ቤትሽ የማውቀው ጥቂት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ከክፍል ወጥቶ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ወረፋ ተሰልፎ፣ ታክሲ አግኝቶ ቤት ሲደረስ ልጅ ተኝታለች። ይህን አውቃለሁ፤ የኔም ልጆች ተኝተው ነበር የምደርሰው። እናትሽን ቁጭ አድርገሽ ምን እየተማርሽ እንደሆነ በአማርኛ ንገሪያቸው። ስላይድሽን ሳይሆን የባለጉዳዮቹን ነገር። እሳቸውም መስኮት ላይ «ነገ ይምጡ» ተብለው ተመልሰው ያውቁ ይሆናል። ሸክሙን ለምን እንደያዙልሽ ሲገባቸው ቀላል ይሆንላቸዋል። ሴሚስተሩ ከከበደሽ ደግሞ በሚቀጥለው አንድ ኮርስ ቀንሰሽ መመዝገብ የሚቻል መሆኑን ሬጅስትራር ጠይቂ። ማዘግየት መተው አይደለም።

አንድ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ባትሪው ላይ የተለጠፈው የምርት ቀን ስንት ይላል? ሰኞ ጠዋት ስትገቢ የዩፒኤሱን ሽፋን ከመክፈትሽ በፊት ከመብራቱ ለዪው፤ ብቻሽን አትክፈቺው፣ ኤሌክትሪሺያኑን ጥሪ። ቀኑን አንብቢና የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፊው። ለእኔም ላኪልኝ።